ጎንደር ያላችሁ፣ የምትከታተሉትን ጥሩ ብሎግ ወይ ዌብ ኮሚክ፣ ማለት ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ የስእል ታሪክ፣ ጠቁሙኝ (ለኔም ለታናሽ እህቴም)

የማራኪው ኮፒ ቤት፦
ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ። እኔ ማራኪ ካምፓስ አካባቢ ኮፒና ፕሪንት ቤት ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ነኝ፣ ስራ ቀዝቀዝ ሲል ፌስቡክና ቲክቶክ ከፍቼ ሁለት ሰአት ሙሉ ሳይ እቆይና ስዘጋው ካየሁት አንዱን እንኳ አላስታውሰውም፣ እውነቴን ነው አስጠልቶኛል። ረጋ ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ በሳምንቱ ተመልሼ "ደሞ ምን ጽፎ ይሆን" የምለው አይነት ነው የምፈልገው።

ዋናው ጉዳዬ ግን እህቴ ናት። 8ኛ ክፍል ነች። ባለፈው የሂሳብ ደብተሯን ለጓደኛዋ ኮፒ ላረግላት ተቀብያት ገልበጥ ሳረገው፣ ከጀርባው በማስመሪያ ስድስት ካሬ አስምራ በሰማያዊ እስክርቢቶ ታሪክ ስላበታለች። አንዲት ዶሮ ቅዳሜ ገበያ ባጃጅ ትሳፈራለች፣ ሹፌሩ ልብ ሳይላት ፒያሳ ድረስ ትሄዳለች፣ መጨረሻው ካሬ ላይ "ወራጅ አለ!" ብላ ትወርድና ሂሳቧን በእንቁላል ትከፍላለች። የሹፌሩ ፊት ሁለት ነጥብና አንድ መስመር ነው በቃ፣ ግን ግራ የገባው ሰው መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮሚክ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ስላት "ኮሚክ ምንድን ነው?" አለችኝ። እስኪ በናታችሁ እንግሊዝኛው የማይከብድ፣ ለልጅ የሚሆን፣ ዳታ የማይጨርስ ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ቤት ዋይፋይ የለንም።

አዘዞ_ቴክ፦
ወንድሜ ለእህትህ አንድ ብቻ ምረጥ ብትለኝ ፔፐር ኤንድ ካሮት ነው። ዴቪድ ሬቮይ የሚባል ፈረንሳዊ ሰአሊ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እየሳለ በነጻ የሚያወጣው ነው፣ ፔፐር የምትባል ትንሽ ልጅና ካሮት የሚባል ብርቱካናማ ድመቷ ናቸው ባለታሪኮቹ። ልጅቷ ጠንቋይ ናት ይላል ግን እናታችሁ እንዳትደነግጥ፣ የተረት ጠንቋይ ናት፣ ስራዋ መድሃኒት መቀመም ነው፣ ቀምማ ደሞ ብዙ ጊዜ ይበላሽባታል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በጣም አጭር ናቸው፣ ንግግርም ብዙ የለባቸውም።

አሁን ላንተ የሚመቸውን ልንገርህ፣ ሰውዬው ለህትመት የሚሆነውን ትልቁን ፋይል ሳይቀር ሳይቱ ላይ አስቀምጦታል፣ ፈቃዱም ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው፣ ማለት የሰአሊውን ስም እስከጠቀስክ ድረስ ማተምም መተርጎምም ትችላለህ፣ ማንንም ማስፈቀድ የለብህም። በየቋንቋው የሚተረጉሙለት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንተ ደሞ ፕሪንተር ላይ ነው የተቀመጥከው! ስራ ቦታ አንዴ አውርደህ አትምና ይዘህላት ግባ፣ የዳታ ጉዳይ በዛው አለቀ። የሚስልበት ሶፍትዌር ክሪታ ይባላል፣ እሱም ነጻ ነው።

ፋሲል_09፦
እኔ ኤክስኬሲዲ (xkcd) የሚባለውን ዌብ ኮሚክ እጨምራለሁ። ራንዳል ማንሮ ይባላል የሚስለው ሰውዬ፣ ፊዚክስ ያጠና፣ ናሳ የሰራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰኞ ረቡዕና አርብ ያወጣል። ሰዎቹን በቀጭን መስመር እንደ እንጨት አርጎ ነው የሚስላቸው፣ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ስእሉ ላይ ማውሱን ስታሳርፍበት ሌላ የተደበቀ አረፍተ ነገር ይመጣል እንዳያመልጥህ፣ በስልክ ከሆነ የሞባይሉን ሳይት ክፈት። ዌብቱንም አለ፣ የኮሪያ ነው፣ ወደታች እየሳብክ የምታነበው ለስልክ ተብሎ የተሰራ፣ ግን ስእሉ ብዙ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት አውርድ።

ቀለም_በጥብጥ፦
ፋሲል የጠቀስከው ለሱ ጥሩ ነው፣ ለ8ኛ ክፍል ልጅ ግን አይሆንም ብዬ ነው የማምነው። ግማሹ የሂሳብና የፕሮግራሚንግ ጨዋታ ነው፣ እኔ ራሴ የማይገባኝ አለ፣ ልጅቷ "ኮሚክ አይገባኝም" ብላ እንዳትተወው። ዌብቱን ላይም እድሜዋን እያየህ ምረጥላት።

እኔ ስእል አስተምራለሁ፣ ስለ ዶሮዋ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ወንድምአለም ልጅቷን ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተክርስቲያን ውሰዳት። ሁሉም ሰው ጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊት አይቶ ነው የሚወጣው፣ እናንተ ግድግዳው ጋ ቁሙና በረድፍ በረድፍ አንብቡት፣ ታሪኩ ከአንዱ ስእል ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ደሞ አይኖቹን እንድታይ ንገራት፣ በኛ ስእል ደጋጎቹ ፊት ለፊት በሁለት አይን ይሳላሉ፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ አይን። ተማሪዎቼን ይሄን ካሳየኋቸው በኋላ ሰው አሳሳላቸው ይቀየራል፣ ማን ወዴት እንደሚያይ ማሰብ ይጀምራሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ከስሩ አማርኛ የተጻፈበትን ሸራም አሳያት፣ ለቱሪስት እቃ የሚሸጡ ሱቆች አይጠፋም። ኮሚክ ማለት ይሄው ነው፣ አያቶቻችን ሲሰሩት የኖሩት።

በአማርኛም ጀምበርና ሀዊ የሚባሉ ኮሚኮች አሉላት፣ ኢታን ኮሚክስ የሚያወጣቸው፣ ጀምበር እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው፣ ሀዊ ላይ ጀግናዋ ሴት ናት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አላቸው።

የድሮ አንባቢ፦
ልጄ ስለ ብሎጉ ማንም አልመለሰልህም። ብሎግን ጦማር ሲሉት እኔ ቃሉን በጣም ነው የምወደው፣ ጦማር ድሮ ደብዳቤ ማለት ነበር፣ እና ጥሩ ብሎግ ልክ እንደዛ ነው፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈልህ ነገር። የኔ አፈላለግ ይሄ ነው፦ የወደድከው አንድ ጸሀፊ ካለ እሱ የሚያነባቸውን ተከተል። ብዙዎቹ ገጻቸው ጎን ላይ የሚከታተሏቸውን ይዘረዝራሉ፣ ከሌለ ጽሁፉ ውስጥ ያሉትን ሊንኮች ንካ፣ ስር አስተያየት የሚጽፉትንም እይ፣ በደንብ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ብሎግ አለው። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት ጎበዝ ጸሀፊ ጉግል ካሳየኝ ይበልጣል። ካገኘኸው ሁሉ ሶስት ያዝ፣ ወር አንብባቸው፣ የማትናፍቀውን ጣል።

ሌላው አር ኤስ ኤስ የሚባል ነገር ነው፣ አዲስ ጽሁፍ ሲወጣ አንድ ቦታ ሰብስቦ ያመጣልሃል፣ ጋዜጣ አዟሪ ቤትህ ድረስ ሲያመጣልህ በለው፣ ዘጠና ሳይት እየከፈትክ ዳታ አታቃጥልም። ጉግል ሪደር የሚባል ነበር፣ በ2005 ዓ.ም ሰኔ ላይ ሲዘጋ ስንት ስከታተለው የነበረ ጸሀፊ ጠፍቶብኛል እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ፊድሊ አለ፣ አንድሮይድ ላይ ደሞ ፊደር የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ አካውንት አይጠይቅም። ብሎጉ ዎርድፕረስ በሚባለው ብሎግ መስሪያ የተሰራ ከሆነ አድራሻው መጨረሻ ላይ ስላሽ ፊድ (/feed) ብለህ ጨምረህ አስገባው፣ ይሰራል። አንድ አደራ ልስጥህ፣ የወደድከውን ጸሀፊ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፍለት። በአማርኛ የሚጽፉት ብዙዎቹ የሚያነባቸው ያለ ስለማይመስላቸው ነው የሚተውት።

የማራኪው ኮፒ ቤት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ፊደርን ጭኜ አራት ብሎግ አስገብቻለሁ፣ አንዱ ጋ አስተያየት ጽፌ በማግስቱ መለሰልኝ።

መምህርት፣ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደናል። አንድ ሰአት ተኩል ቆመን እሷ አልጠገበችም፣ አንድ አይን ያላቸውን እየቆጠረች "ይሄ ክፉ ነው፣ ይሄም ክፉ ነው" ትለኛለች ቀስ ብላ።

አዘዞ ያንተንም የመጀመሪያውን ክፍል በቀለም አትሜ ሰጠኋት። ማታ ስገባ እንግሊዝኛውን በነጭ ማጥፊያ ቀለም አጥፍታ በአማርኛ እየጻፈችበት አገኘኋት፣ የሰአሊውን ስም ከስር ጻፊ ስላት ጽፋለች። ፔፐርን በርበሬ በያት ብላት እምቢ አለች፣ ትንሽ ሆና እንዲህ የምታቃጥል ከሆነ ሚጥሚጣ ነው የምላት አለችኝ። ድመቱ ካሮት እንደሆነ ቀርቷል። ሁለት መስመር የነበረው እንግሊዝኛ በአማርኛ አንድ ቃል ሲሆንባት ንግግሩ የሚጻፍበት አረፋ ግማሹ ባዶ ይቀራል፣ ባዶው ቦታ ላይ ምን እንዳረገች ታውቃላችሁ፣ ያቺን ዶሮ ስላበታለች። ሁለተኛውን ክፍል ነገ አትምልኝ ብላኛለች።