የድሮን መንጋ ቀበና ወንዝን ቢጠብቅልንስ?

የቀበናው ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። አምስት ኪሎ የመጨረሻ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ቤታችን ከቀበና ድልድይ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት ጎርፍ ገብቶብን እናቴ ፍራሽ ተሸክማ ነው የወጣችው። እኛ ሰፈር ጠብታ አልነበረም፤ የዘነበው እንጦጦ ላይ ነው። ለመመረቂያዬ ስድስት ትንንሽ ድሮኖች ያለ አብራሪ፣ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ድልድዩ ወንዙን እንዲቃኙ ማድረግ አስቤያለሁ። ያስኬዳል?

የሠርግ ካሜራማን፣ ፒያሳ፦
ወንድሜ፣ እንኳን እናትህ ተረፉልህ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል 20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ባትሪ ይበላል። ካርቶኑ ላይ 30 ደቂቃ የሚለው እኔ እጅ ላይ 22 ነው። ቻርጁ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንዷን ብቻ ሳታወርድ ለማቆየት አራት ባትሪ ታቀያይራለህ፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የምትፈልጋቸው ዝናቡ ሲወርድ ነው፤ እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ ዝናብ አይችሉም። ቤተ መንግሥቱም ቅርብ ነው፣ ፈቃድ ሳትጨርስ እንዳታነሳ።

ኮድ ጸሐፊው፦
መንጋና ትርኢት አይደባለቁብህ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ መክፈቻ የታዩት 1,218 ድሮኖች መንገዳቸው አስቀድሞ የተጻፈላቸው ነበሩ። የአንተዋ ድሮን ግን ጎረቤቷን እያየች ራሷ ትወስናለች። የኮምፒውተር ባለሙያው ክሬግ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1986 ኮምፒውተር ላይ በሠራቸው ወፎች ያሳየው ሕግ ሦስት ነው፦ አትጋጭ፣ አቅጣጫህን ከጎረቤትህ አስማማ፣ ከመንጋው አትራቅ። አንተ ሦስተኛውን ገልብጠው፤ የሚፈለገው ወንዙን ተከፋፍለው መያዛቸው ነው። አንዷ ባትሪ ጨርሳ ስትመለስ ግራና ቀኝ ያሉት ድርሻዋን ይሸፍኑ። ወንዝ መስመር ስለሆነ ከሜዳ ይቀልሃል።

የግንፍሌ ጎረቤት፦
ልጄ፣ ልደታ ሃያ ዓመት ጥብቅና ቆሜአለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ገላችንን የምንታጠበው ግቢ ውስጥ በሸራ ጋርደን ነው። ሸራው ጣሪያ የለውም። ካሜራህ ውኃውን ብቻ መርጦ አያይም። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ለወንጀል ምርመራ ብለው አብዛኛውን ከተማ ከአውሮፕላን ቀረጹት፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ዛሬ ለጎርፍ የተነሳ ካሜራ ነገ ለምን እንደሚውል ማን ይቆጣጠረዋል?

የቀበናው ልጅ፦
እትዬ፣ የእኛም ቤት እኮ ሸራ ነው፤ እንዴት እንዳላሰብኩት! ሌሊቱን የሚጠብቀው ላይኛው ወንዝ ላይ የሚተከል የውኃ ከፍታ መለኪያ ይሁን። ድሮኖቹ ዝናቡ ሲያባራ ወጥተው ቆሻሻና ግንድ ውኃውን ያፈነበትን ይፈልጉ። ምስሉን ድሮኗ እዚያው አይታ ታጥፋው፤ ለእኛ የታፈነበትን ቦታ ብቻ ትላክ። እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ፣ እምቢ ካሉ አልሠራውም። እትዬ፣ ቢመችዎት ይመጡልኛል?