የሕግ ምሩቅ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቅ ወይስ ጠበቃ ቢሮ ይግባ?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. በሕግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም ባልፍ፣ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘሁም። አራት ኪሎ ከሚለጠፈው ጀምሮ በጋዜጣና በቴሌግራም የሚወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ እከታተላለሁ፤ «ዜሮ ዓመት» (የሥራ ልምድ የማይጠይቅ) የሚለው ግን ጥቂት ነው፤ ለአንዱ ለመመዝገብ ብቻ ግማሽ ቀን ተሰልፌያለሁ። ሰሞኑን ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቢሮ ያላቸው አንድ ጠበቃ በረዳትነት ሊቀጥሩኝ ፈቅደዋል። ክፍያው ከትራንስፖርትና ከምሳ ብዙም አይተርፍም፤ ስለ ውልም አላነሡም። ቤተሰቦቼ የመንግሥት ሥራ ጠብቂ ይሉኛል። ወደፊት የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ለሚያስብ ሰው የቱ ይሻላል?

የቀድሞ ረዳት፦
እኅቴ፣ እኔ ለጠበቃው ቢሮ አደላለሁ፤ ክርክር የሚለመደው መዝገብ በማገላበጥ ነውና። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት፣ ደንበኛችን አሠሪው የሆነበት የሥራ ክርክር ተሰጠኝ። ሠራተኛው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ያቀረበውን ክስ ነጥብ በነጥብ እየተቃወምኩ ሦስት ገጽ መልስ ጽፌ በኩራት አቀረብኩ። ጠበቃው ጽሑፌን ሳያነቡ ወደ ጎን አድርገው፣ የስንብት ደብዳቤው የተሰጠበትንና ክሱ የቀረበበትን ቀን በእርሳስ አሰመሩና መዝገቡን መለሱልኝ። በመካከሉ አራት ወር አልፎ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ይርጋ (ክስ በሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) እንደሚታገድ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ፊቴ ሲቀመጥ ግን አላየሁትም። እስከ ዛሬ መዝገብ ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ቀኑ ላይ ነው።

ነገረ ፈጅ ከሰንጋ ተራ፦
ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ቢሆንም ዋናውን ነገር ዘልሎታል። እኔ በባንክ ነገረ ፈጅነት የምሠራ ስሆን የአመልካቾችን ማስረጃ በመመርመርም ተሳትፌያለሁ። ከግል ቀጣሪ የመጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ካልገለጸ አይያዝም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍተው በዚህ ምክንያት ከውድድር የወደቁ ልጆች አጋጥመውኛል። ስለዚህ ከክፍያው መጠን ይልቅ ስምዎ ፔሮል ላይ መስፈሩን ያስቀድሙ። የጽሑፍ ውል ባይኖር እንኳ፣ አሠሪው የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ያስገድዳል። (ለጠበቃ ሕግ መጥቀስ እንደሚከብድ አውቃለሁ።)

የባንክ ሥራንም ከችሎት የራቀ ነው ብለው አይናቁት። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ማስጠንቀቂያው በአግባቡ ካልደረሰ ሐራጁ ራሱ ክርክር ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ነገረ ፈጁ ችሎት ይቆማል።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦
ፈቃዱን በሚመለከት፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከዲግሪው በተጨማሪ የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና ይጠይቃል። ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደውም ይኸው አዋጅ ስለሆነ፣ በግል ከሚሠሩት ጠበቆች ሌላ ድርጅቶቹንም በየቢሯቸው እየሄዱ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ማስታወቂያ የማያወጡ አሉ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ስለ ውልና ስለ ሥራ ግብር ፈራ ተባ እያልኩ አነሣሁባቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ውሉን አንቺው አርቅቀሽ አምጪ፣ አይቼ እፈርማለሁ» አሉኝ። አሁን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነኝ፤ የሥራ ዝርዝሩን ምን ያህል ላስፋው?