ከናይለን የታተመ ጊር ዘንጉ ከሥሩ እየተቆረጠ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የማሸጊያ ማሽናችን ጊር ጥርሱ አለቀ፣ መለዋወጫውም መመረት ቆሟል። ስለዚህ ፕላስቲክ አቅልጦ ንብርብር በንብርብር እየደረበ በሚሠራ ስሪዲ ፕሪንተር ከናይለን ማተም ጀመርኩ። ጊሩ ተኝቶ ስለሚታተም ጥርሶቹ ጠንካራ ናቸው፤ አብሮት ቆሞ የሚታተመው አጭር ዘንግ ግን ማሽኑ ጭነት ሲይዝ ከሥሩ ቀጭ ይላል። የተሰበረበት ቦታ እንደ ተላጨ ለስላሳ ነው፤ ንብርብሮቹ በደንብ እንዳልተያያዙ ያስታውቃል።

ኖዝሉ (የቀለጠው ናይለን የሚወጣበት አፍ) 245 ዲግሪ፣ አልጋው (ዕቃው የሚታተምበት ጠፍጣፋ) 80፣ ማራገቢያው ጠፍቷል። ናይለን እርጥበት ስለሚስብ ፊላመንቱን (ፕሪንተሩ የሚያቀልጠውን የናይለን ክር) በ70 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ አደረቅኩት። ሲታተም ይሰማ የነበረው መንጣጣት ቀርቷል፣ ስብራቱ ግን ያው ነው። ሙቀቱን እንዳልጨምር ኖዝሉ ድረስ የሚገባው የቴፍሎን ቱቦ ይበላሻል። ፕሪንተሩም ክፍት ነው፣ ነፋስ ይገባዋል።

ቴፍሎን የማይገባበት ሙሉ ብረት ሆትኤንድ (ክሩን የሚያቀልጠው ክፍል) ገዝቼ ወደ 265 ልውጣ? ዘንጉን ትቼ በቦታው የብረት ዘንግ ልሰካ? ወይስ የናይለን ዱቄት በሌዘር የሚያቀልጡ ጋ ላሳትመው? የእነሱ ሥራ በሁሉም አቅጣጫ የተቀራረበ ጥንካሬ አለው። አለቃዬ «ይሄ ለናሙና እንጂ ለምርት አይሆንም» ማለት ጀምሯል (ለናሙናም ቢሆን የገዛው እሱ ነው)። እንዲህ ያለ ጊር አትማችሁ ጭነት ላይ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።