ዘጠኝ ገጽ የጎደለው የድሮ ቴአትር፦ ክፍተቱ እንዴት ይያዝ? ሰብታይትሉስ?

ጥያቄ (ባለመጋረጃ)
ሰላም ለሁላችሁ። በ1950ዎቹ በታይፕ የተመታ የአማርኛ ቴአትር ፎቶ ኮፒ አለን። ከ62 ገጽ ውስጥ ከ23 እስከ 31 የለም። የደራሲው ወራሾች ፈቅደውልናል። ተዋንያን መድረክ ላይ ሲያነቡት ቀርጸን፣ መስማት ለተሳናቸው ሰብታይትል ጨምረን ልናወጣው ነው። የጎደለውን ራሳችን ጽፈን ብንሞላው ችግር አለው? ሰብታይትሉ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን፣ ሌላው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ደግሞ በመግቢያ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ስለሚባለው ስለ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ» ልንጽፍ ስንል፣ የታየበትን ዓመት አንዱ 1912፣ አንዱ 1913፣ ሌላው 1921 ይላል።

መልስ (ፊደል ለቃሚ)
እባካችሁ አትሙሉት። አንዴ ከሞላችሁት ከአሥር ዓመት በኋላ የእናንተ ቃል የደራሲው ተብሎ ይጠቀሳል።

መጀመሪያ ገጹ እውነት መጥፋቱን አረጋግጡ። ገጽ 22 የሚያልቀው ንግግር መሀል ነው ወይስ መጋረጃ ሲዘጋ? ገጽ 32 ላይ ከዚያ በፊት ያልገባ ገጸ ባሕርይ እንደሚታወቅ ሰው ያወራል? ካወራ፣ መግቢያው ከጎደሉት ገጾች ውስጥ ነበር። የታይፑንም ፊደል በማጉያ መነጽር እዩ፤ እስከ 22 ድረስ የ«ሰ» አንድ እግር ተሰብሮ ከ32 በኋላ ደህና ከሆነ፣ ሁለት ቅጂ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁጥሩ ዘሎ ታሪኩ ሳይጎድል ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ሌላ ቅጂ ፈልጉ፦ አዘጋጁ በእርሳስ የጻፈበት፣ የሳንሱር ማኅተም ያረፈበት፣ ወይም ለአንድ ተዋናይ የራሱ ድርሻ ብቻ ተነጥሎ የተመታለት። ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ብዙዎች ይንቁታል፤ ግን የሦስት ተዋናይ ድርሻ ከተገኘ የጠፋው ትዕይንት አብዛኛው ተመለሰ ማለት ነው።

ካልተገኘ፣ ተራኪው «እዚህ ላይ ዘጠኝ ገጽ ጠፍቷል» ይበል፤ ከኋለኛው ንግግር በግልጽ የሚታወቀውን ብቻ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገር።

መልስ (መዝገብ ቤት)
ስለ «ፋቡላ» ዓመት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ስትደምሩ የፈረንጁ ይመጣል። 1913 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 1920/21 ነው፤ ስለዚህ 1913 እና 1921 የሚሉት ላይጋጩ ይችላሉ። 1913ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ የገለበጠ ሰው ግን ቴአትሩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው።

በነገሥታቱም መዝኑት። ቴአትሩን ያስቆሙት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው የሚባለው እውነት ከሆነ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ውስጥ መውደቅ አለበት። 1912 የሚለው እ.ኤ.አ. ከሆነ ግን ያኔ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ስለዚህ ወይ ዓመቱ ወይ ትረካው ተስቷል። በወረቀታችሁ ላይ «ምንጮች በዓመቱ አይስማሙም» ብላችሁ ሁለቱንም ከነአቆጣጠራቸው ጻፉ።

«ፋቡላ» በጋዜጣ አልተገኘም ማለት መድረክ ላይ አልታየም ማለት አይደለም። «ብርሃንና ሰላም» የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ ለ1913 ምስክር ሊሆን አይችልም። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ወዲህ ነው፤ ለእናንተው ቴአትር ግን ቅድሚያ የሚታየው እሱ ነው። በሚያዝያ 1928 መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍና ስትቃጠል የጠፋውም አይረሳ።

ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሆነ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስትፈልጉ «ቴአትር»፣ «ቲያትር»፣ «ትያትር»፣ «ተውኔት» እያላችሁ ሞክሩ፤ ሐ/ሀ/ኀ፣ ሠ/ሰ፣ ዐ/አ፣ ፀ/ጸ እየለዋወጣችሁም። ውጭ አገር ባሉ ቤተ መጻሕፍት ደራሲው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል።

መልስ (ግርጌ ጽሑፍ)
ሳጥን ከታየ ፎንት የለም፤ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» ጫኑ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲቀመጥ ምናልባት ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከዋናው እንደገና በዩቲኤፍ-8 (የግዕዝን ፊደል በሚይዘው የፋይል አቀማመጥ) አስቀምጡ። የላቲን ዝብርቅርቅ ካያችሁ ደግሞ ምናልባት ጽሑፉ ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው የዛሬ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፤ የዩኒኮድ ፎንት መጫን አያድነውም፣ መቀየሪያ ፕሮግራም ወይም እንደገና መተየብ ይፈልጋል።

በአንዴ ከሁለት መስመር፣ በመስመር ከ30 ፊደል ግድም አይለፍ። ከ1 ሰከንድ ያነሰ፣ ከ6 የበለጠ አይቆይ። ሰምና ወርቅ ያለበት መስመር ግን ተዋናዩ ከጨረሰ በኋላ አንድ ሰከንድ ይጨመርለት፤ አንባቢው ሁለት ጊዜ ነው የሚያነበው። ድምፁንም ጻፉ፦ [ከበሮ ከሩቅ]። የድሮውን ቃል በዘመናዊ አትተኩ፤ ከንፈር የሚያነብ ሰው ይምታታበታል። ፍቺው በመግቢያ ወረቀቱ ይግባ።

ለብዙ መስማት ለተሳናቸው የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ስለሆነ ሰብታይትል ብቻውን አይበቃም። አስተርጓሚ ጨምሩ፤ ጽሑፉም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይድረሰው።

ጥያቄ (ባለመጋረጃ)
እግዜር ይስጥልን። ገጽ 40 ላይ «ልቀቁ» ይሁን «ልቀቂ» አይለይም፤ ቀለሙ ፈዟል።

መልስ (ፊደል ለቃሚ)
የ«ቁ» ቅጥያ ከወገቡ፣ የ«ቂ» ከእግሩ ነው የሚወጣው። ዋናው ወረቀት ወራሾቹ ዘንድ ካለ ገጹን ከመስኮት ብርሃን አንጻር ይዛችሁ እዩት፤ ታይፑ የወጋው ከጀርባው ይታያል። ካልሆነ በዚያው ንግግር ውስጥ ያሉትን ሌሎች ግሶች ተመልከቱ፦ «ሂጂ»፣ «ስሚ» ካለ ለአንዲት ሴት ነው። መድረክ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ከሆነችም «ልቀቂ» ብላችሁ ጻፉ፤ በኅዳጉ ላይ ግን «ፊደሉ ፈዟል» የሚል ምልክት ይኑር።