እግሯ ሥር ሕፃን ላላት እርጉዝ 30 ቀን ይበቃል?

አስተናባሪው፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ከአንዲት አባላችን የመጣ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች። አባላችን “ሁለተኛ እርግዝናዋ የከበደባትና ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላት ሴት ከወሊድ በፊት ያለው ፈቃድ ሁለት ወር ይጨመርላት” ትላለች። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? ስድብ የለም፤ የመሥሪያ ቤት ስም መጥራትም የለም።

የኪያ እናት፦ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። የመጀመሪያውን ሳረግዝ የሽንኩርት ቁሌት እየሸተተኝ ሁለት ሳምንት አስመለሰኝ፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ውኃ እንኳ አልቀበል ብሎኝ ሁለት ጊዜ ግሉኮስ ተደርጎልኝ ተመልሻለሁ። ያኔ ሲደክመኝ እተኛ ነበር። አሁን ማን ያስተኛኛል? መታጠቢያ ቤት ተንበርክኬ ሳስመልስ ልጁ ጀርባዬ ላይ ይወጣል፤ ጨዋታ መስሎት እሱም አብሮኝ “ኧእ” ይላል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ጠዋት እሱን ታቅፌ ወርጄ፣ ማቆያ አድርሼ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ሥራ እገባለሁ። ቢሮ ስደርስ የቀኑን ጉልበቴን ጨርሼዋለሁ። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ቤት ሲመጣ እንግዳ ነው። ዘጠነኛው ወር ላይ የሚሰጠኝ 30 ቀን ምን ያደርግልኛል? የከበደኝ አሁን ነው።

ባለ ወርክሾፑ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የእኔንም ስሚኝ። ትንሽ ልብስ ስፌት አለኝ፤ አሥራ አንድ ሠራተኞች፣ ዘጠኙ ሴቶች። ዓምና ሁለቱ በአንድ ሰሞን ወለዱ። አራት አራት ወር ደሞዛቸውን ከፈልኩ፤ በቦታቸው ለገቡትም ሌላ ደሞዝ። ሕግ ነው፣ ከፈልኩ፣ አላጉረመረምኩም (እሺ፣ ትንሽ አጉረምርሜያለሁ)። አሁን ሁለት ወር ይጨመር ስትሉ ከማን ኪስ ነው? ትልቅ ባንክ ስለቻለው ሰፈሬ ያለው ዳቦ ቤት ይችለዋል ማለት አይደለም። የሚሆነውን ልንገራችሁ፦ ቀጣሪው ለቃለ መጠይቅ የመጣችውን ልጅ ቀለበቷን አየት ያደርጋል፣ “ልጆች አሉሽ?” ይላል፣ ከዚያ “እንደውልልሻለን”።

የናቲ አባት፦ “እንደውልልሻለን” የሚለውን ባለቤቴ ሦስት ቦታ ሰምታዋለች፤ ሕጉ ሳይጨመርበትም ማለት ነው። ስለዚህ እሱ ማስፈራሪያ እንጂ መከራከሪያ አይሆንም።

ቀጥተኛዋ፦ ልትጠሉኝ ትችላላችሁ። ልጁ ገና ጡት ሳይጥል ማን አስቸኮላችሁ? የቤተሰብ ምጣኔ ጤና ጣቢያ በነፃ አለ። እኔ አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም፤ አጠገቤ ያለችው ስትቀር ፋይሏ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይቆለላል። ለእኔ ድካም አንቀጽ አልተጻፈም።

የኪያ እናት፦ ማንም አላስቸኮለኝም። እያጠባሁ ነበር፣ የወር አበባዬም አልተመለሰም፣ “የምታጠባ አታረግዝም” ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። አመንኩ። ይኸው።

አዋላጇ፦ ይሄን በየቀኑ ነው የምሰማው። ማጥባት እርግዝናን የሚከለክለው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ብቻ ነው፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ሌት ተቀን ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣ እናቲቱም የወር አበባ ካላየች። ልጁ አጥሚት መቅመስ የጀመረ ዕለት ዋስትናው ፈረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንዱ ወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሰውነቷ ደሙንና ብረቱን ሳይተካ እንደገና ሲጀምር ደም ማነስ ይመጣል፣ ያለጊዜ የመውለድ ስጋትም ይጨምራል። ግን ቀጥተኛዋ፣ ይሄ ከእርግዝናው በፊት የሚነገር ነገር ነው። በአምስተኛ ወሯ ላለች ሴት “ማን አስቸኮለሽ” ማለት ምክር አይሆንም።

የኪያ እናት፣ ለአንቺ፦ ጠብታ ውኃ እንኳ ካልረጋልሽ፣ ሽንትሽ ካነሰና ከጠቆረ፣ ኪሎሽ እየወረደ ከሆነ ተራ ማቅለሽለሽ ብለሽ ቤት አትቀመጪ። የብረት እንክብሉን ከቡናና ከሻይ አርቂው፤ ሰውነትሽ ብረቱን እንዳይወስድ ያግዱታል። ልጁን ከወለል ጎንበስ ብለሽ አታንሺው፤ ወንበር ላይ ራሱ ይውጣ፣ ከዚያ እቀፊው። ደረጃውንም በዳዴም ቢሆን ራሱ ይሞክር፣ አንቺ ከሥር ሁኚ።

እማማ ከጉለሌ፦ ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤ ፈቃድ የሚሉት ነገር አላውቅም፤ ጉሊት እቸረችር ነበር። ግን “እኛ ችለነዋል” ብዬ አልመጻደቅም። የቻልኩት እኔ አይደለሁም፣ ግቢው ነው። አምስት ቤት በአንድ በር ነበርን። እኔ ስተኛ ልጄ እነ እትዬ ቤት በልቶ፣ ታጥቦ፣ አንዳንዴም እዚያው ተኝቶ ያድር ነበር። የልጄ ልጅ ኮንዶሚኒየም ስሄድ የጎረቤቷን ስም አታውቅም። ሁለት ወር ብትሰጧትስ? ያው አራት ግድግዳ ውስጥ ከሕፃን ጋር ልትዘጋ ነው። ቢሮ ወንበር ላይ መቀመጡ ሳይሻላት ይቀራል? አንድ ነገር ልጨምር፦ አሁኑኑ ጡት አስጥዪው፤ የእርጉዝ ወተት ልጅ ያቀጭጫል።

አዋላጇ፦ እማማ፣ ስለ ግቢው ያሉት እውነት ነው። ስለ ወተቱ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርጉዝ ወተት መርዝ የለውም። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ወተቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፣ ብዙ ልጆች በራሳቸው ይተዉታል። ደም የታያት ወይም ያለጊዜዋ የወለደች ሴት ሐኪሟን ትጠይቅ። እንደዚህ እያስመለሳት ለሁለት መብላት ለማትችልም በቀስታ መቀነስ ይሻላል። ልጁን በአንድ ቀን ሬት ቀብቶ ማስጣል ግን ያው ሌሊቱን ሙሉ ማልቀስ ነው፤ የሚነቃው ማን ነው?

እማማ ከጉለሌ፦ እሺ የኔ ልጅ። ሬቱን ግን ማን ነገረሽ?

ከሰው ሀብት ክፍል፦ የተከራከራችሁበትን ግማሹን ሕጉ ቀድሞ መልሶታል፤ የሚያነበው የለም እንጂ። እዚያው አዋጅ አንቀጽ 88ን ግለጡት። 30ው ቀን ያለው ንዑስ አንቀጽ ሦስት ላይ ነው። ከእሱ በፊት ንዑስ አንቀጽ አንድ ለእርግዝና ምርመራ የሄደችበት ጊዜ ከደሞዟ አይቆረጥም ይላል፤ አሠሪው የምርመራ ማስረጃ ሊጠይቃት ይችላል። ንዑስ አንቀጽ ሁለት ደግሞ ሐኪም እንድታርፍ ካዘዘ ደሞዟ እየተከፈላት ታርፋለች ነው የሚለው። በአራተኛ ወሯም ይሁን በሰባተኛ። ስንት ቀን ብሎ አልወሰነም። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ይሄን እንደ ተራ የሕመም ፈቃድ ነበር የምመዘግበው፤ አለቃዬም እንደዚያው ነበር፣ ከእሱ በፊት የነበረውም። ልዩነቱ ኪስ ላይ ነው። በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ስንት ሴት በማታውቀው ምክንያት ግማሽ ደሞዝ ተቀብላለች።

አዋላጇ፦ እኛም ጋ ጥፋት አለ። ወረቀቱ ላይ “የሦስት ቀን ዕረፍት” ተብሎ ይጻፋል እንጂ “ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ” የሚል ቃል አይገባበትም። ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።

ባለ ወርክሾፑ፦ “ስንት ቀን ብሎ አልወሰነም” ስትሉ እናንተ ደስ አላችሁ፣ እኔ ላብ አጠመቀኝ። አምስት ወር ትረፍ ቢል ሐኪሙ፣ አምስት ወር እኔ ልከፍል ነው? ሕጉ ለእሷ ደግ ሆነ፤ የደግነቱን ሂሳብ ግን ለእኔ ላከው።

ከናታንያ፦ ሰላም ለቤቱ። እስራኤል ነው የምኖረው፤ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ደም ስለታየኝ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ተኚ ተባልኩ። እዚህ “ሽሚራት ሄራዮን” ይሉታል፣ እርግዝናን መጠበቅ እንደማለት። እርግዝናው ለእናት ወይም ለጽንሱ አስጊ ነው ተብሎ የማህፀን ሐኪም ቢያንስ 30 ተከታታይ ቀን ዕረፍት ካዘዘ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው የብሔራዊ መድን ተቋሙ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚ ነው። አሠሪው አይደለም። ከዚያ በፊት የሠራሽባቸውን ወራት ይቆጥራሉ፤ ወረቀቱ ያሰለቻል፤ የእኔን ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል። ግን አለቃዬ እኔን የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም። ባለ ወርክሾፑ፣ ጠብህ ከእርጉዟ ጋር አይመስለኝም።

ባለ ወርክሾፑ፦ እንደዚያ ከሆነማ እኔም ደጋፊ ነኝ። እዚህ በየወሩ ለጡረታ ሠራተኛው 7፣ እኔ 11 በመቶ እናስገባለን። ስታረጅ፣ አካሏ ሲጎዳ፣ ስትሞት ለቤተሰቧ ይከፈላል። ስትወልድ ግን ምንም የለም። አንድ በመቶም ቢሆን ጨምሩና የወሊዱን ከዚያ ክፈሉ በሉኝ፣ ዛሬ እፈርማለሁ። ሁለት ወር ጨምር፣ አንተው ክፈል ካላችሁኝ ግን እቃወማለሁ፤ ነገም እቃወማለሁ።

ቀጥተኛዋ፦ የእኔ ደሞዝ ላይ አንድ በመቶ? ለሰው ልጅ?

የናቲ አባት፦ ያ ልጅ አድጎ የአንቺን ጡረታ የሚያዋጣ ነው። ወደ ራሴ ልምጣ። እናንተ ሁለት ወር ለእናት ትላላችሁ፤ እኔ ለአባት ነው የምለው። በግል ድርጅት አባት ሦስት ተከታታይ ቀን ነው ያለው። የመንግሥት ሠራተኛ ወንድሜ አሥር የሥራ ቀን ነው። ሚስቴ ናቲን ይዛ ሁለተኛውን ስታረግዝ የሚያስፈልጋት የነበረው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው! ለአሠሪዬ “ለሦስት ወር ሰዓት አሳልፌ ልግባ፣ ማታ ልሙላው” ብዬ ጠየቅኩ። ሳቀ። ሚስትህ ናት እንዴ ያረገዝከው አለኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እማማ ከጉለሌ፦ አንተ ልጅ ቡና ታፈላለህ?

የናቲ አባት፦ ዳይፐርም እቀይራለሁ፣ እማማ።

እማማ ከጉለሌ፦ እንግዲያው አሥር ቀን ይገባሃል።

የኪያ እናት፦ ሳቅኩ፤ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ሐሳቤን ትንሽ ቀይሬያለሁ። አንቀጽ 88ን አላውቀውም ነበር፤ የተቆረጠብኝ የዘጠኝ ቀን ደሞዝ አለ፣ ሰኞ ወረቀቴን ይዤ እገባለሁ። እናቴ በሕይወት የለችም፤ እማማ ያሉት ግቢም የለኝም። ለእኔ ትልቁ ችግር የሆነው ሠራተኛዬ መሄዷ ነው። እሷ እያለች ቢያንስ ጠዋት ልጁን ትይዝልኝ ነበር። ከሄደች ሁለት ወር ሆናት፤ ደላላው የሚያመጣቸው ሁሉ “ሕፃን ካለ አልገባም” ይላሉ።

አንባቢ ብቻ፦ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን የራሴ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ስድስት ዓመት ግን ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የምታወሩበት አዋጅ የቤት ሠራተኛን ይጨምራል?

ከሰው ሀብት ክፍል፦ አይጨምርም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። እስከዚያው የሚገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

አንባቢ ብቻ፦ አመሰግናለሁ። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የኪያ እናት፣ ሠራተኛሽ ለምን ሄደች?

የኪያ እናት፦ ይሄ ከክርክሩ ጋር ምን አገናኘው?

አንባቢ ብቻ፦ ምንም ላያገናኘው ይችላል። ጠየቅኩ ብቻ።

የኪያ እናት፦ አርግዛ ነበር። አራተኛ ወሯን ይዛ ነው የነገረችኝ። እኔ እያስመለሰኝ፣ እሷ እያስመለሳት፣ ኪያን ታቅፋ ደረጃውን መውጣት አቃታት። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ልጁ አጠገቧ ነው፣ እጇን ይዟል። ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርንና አገሯ ብትገባ ይሻላታል አልን። ለእሷም ብለን ነው። በባዶ እጇ አልሸኘናትም፤ ከሠራችበት በላይ የአንድ ወር ደሞዝ ጨምረን ሰጠናት።

አንባቢ ብቻ፦ የአንድ ወር።

አንባቢ ብቻ፦ 30 ቀን ማለት ነው።