የአባቴ ካሜራ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ፎቶው ሁሉ ተቀላቅሏል፣ ሀርድ ዲስኩም መንቋቋት ጀምሯል

ሄርማታ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ ምክንያቱም ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የቤታችን ፎቶ በሙሉ ማለት ይቻላል ያለው አንድ 500 ጂቢ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ከካሜራውም ከስልኮቹም ከላፕቶፑም እየሰበሰብኩ እዛ ላይ የገለበጥኩት ራሴ ነኝ፣ 40 ሺህ ገደማ ፎቶ፣ 180 ጂቢ ይሆናል፣ ግማሹ ድግግሞሽ ነው። ትናንት ማታ ለእናቴ በቲቪ ላሳያት ብዬ ስሰካው ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ የሚል ድምፅ አወጣ፣ ፎልደሩ አልከፈት አለ፣ ደንግጬ ነቀልኩት። ከዛ ወዲህ አልነካሁትም። ሌላ ኮፒ የለኝም (አውቃለሁ አትስደቡኝ)።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ቢያስቅም አቃጥሎኛል። አባቴ ትንሿን ዲጂታል ካሜራ ሲያገኝ ቀኑን የሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱንም በእኛው። ስለዚ ከካሜራው የመጣው ፎቶ ሁሉ 2003፣ 2004 ምናምን ይላል፣ ከስልክ የመጣው ደግሞ በፈረንጅ ነው። ኮምፒውተሩ በቀን ሲደረድራቸው ትንሹ ወንድሜ ሳይወለድ ልደቱን ሻማ ያጠፋል። አንድ በአንድ ላስተካክል ብዬ ጀምሬ 60 ላይ ደከመኝ። ጠቅላላ ምን ላድርግ? ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጫ ቦታ) ልግዛ? ሀርድ ዲስኩን እዚሁ ጅማ ማሰራት ይቻላል ወይስ አዲስ አበባ ልውሰደው?

አጂፕ_ሰፈር፦
በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሪው ይሰራል፣ የጓደኛዬ ሰርቷል

ቢሺሼ_ጥገና፦
ኧረ በፈጣሪ ፍሪዘር ውስጥ እንዳትከቺው!! ከፍሪዘር ወጥቶ ሲሞቅ ውስጡ ላብ ያልበዋል፣ ያ ጠብታ ዲስኩ ላይ ካረፈ እና ዲስኩን የምታነበው መርፌ ከነካችው ያኔ አዲስ አበባም አያድንሽም። ያውም በጅማ ክረምት።

መጀመሪያ ተረጋጊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቀጥታ የሰካሽው ቲቪው ላይ ነው አይደል? የብዙ ቲቪ ዩኤስቢ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው፣ ለፍላሽ የሚበቃ ነው፣ የሚሽከረከር ዲስክ ለማስነሳት ግን ላይበቃ ይችላል። ኃይል ሲያንሰው ዲስኩ ለመነሳት ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ያ ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው። ሱቄ የመጣ ሁሉ ሞቷል ተብሎ ነው የሚመጣው፣ ኬብል ስቀይር የሚነሳ ብዙ አይቻለሁ። በእርግጥ እውነትም እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ እንደታመመ ሰው ነው የምትይዢው።

እንዲህ አርጊ። አጭር ጥሩ ኬብል ፈልጊ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰኪው (በሀብ ሳይሆን ቀጥታ)፣ ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን ምክንያቱም መብራት መሀል ላይ ከሄደ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ "ስካን ላርግልህ ላስተካክልልህ" ካለሽ እምቢ በይው፣ እየደከመ ያለ ዲስክን እሱ ነው የሚጨርሰው። ተከፍቶ ድምፅ ከሌለው ምንም ሳትደረድሪ፣ ምንም ሳታጠፊ፣ በጣም የምትወጃቸውን ፎልደሮች መጀመሪያ ኮፒ አርጊ። ኮፒ ነው ያልኩሽ፣ ከት አይደለም! ከት እያረጉ መሀል ላይ መብራት ሄዶባቸው እያለቀሱ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ድምፁ ላፕቶፕ ላይም ከቀጠለ ወዲያው ንቀይና አምጪው፣ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ፣ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ጠርጎ ይወስድና የታመመውን ቦታ መጨረሻ ላይ ይሞክረዋል። ድምፁ መርፌው ተበላሽቶ ከሆነ ግን እኔ ሱቅ ውስጥ የሚከፈት ነገር አይደለም፣ የሚከፍትልሽ ሰው ካገኘሽ ሽሺው፣ አቧራ የሌለበት ክፍል ይፈልጋል።

ቡና_በጨው፦
ለቀኑ ቀላል ነው እኮ፣ ሁሉም ላይ 7 ዓመት ከ8 ወር ጨምሪበት አለቀ

ጅሬን_12፦
እኔ ሁሉንም ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ነው የምወረውረው፣ ነፃ ነው፣ አያልቅም፣ ምን ያጨናንቅሻል

ፊልም_አጣቢው፦
ልጄ መጀመሪያ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። እኔ ፊልም በጨለማ ክፍል ከሚታጠብበት ጊዜ ጀምሮ ፎቶ ቤት የሰራሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ልጆቼ ናቸው የሚሰሩት። አንድ ነገር ልንገርሽና ከኔ ተማሪ። የ6 ዓመት ሰርግ በሙሉ አንድ ትልቅ ዲስክ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፣ መደርደሪያ ላይ፣ ዳንቴል አልብሼው። አንድ ቀን ጣሪያው አፈሰሰ። እንግዲህ ሙሽሮቹ እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ሰርጋቸው ሳይጠይቁኝ አያልፉም፣ እኔም አካሄዴን እቀይራለሁ።

ፈረንጆቹ 3፣ 2፣ 1 የሚሉት ሕግ አለ፣ ፒተር ክሮግ የሚባል ፎቶግራፈር ነው ያስፋፋው፦ ሶስት ኮፒ፣ በሁለት አይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለኛ ሰው ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ አንዱ ላፕቶፕሽ ላይ፣ አንዱ አዲስ የምትገዢው ኤክስተርናል ላይ፣ ሶስተኛው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድሽ ቁም ሳጥን ውስጥ። አዲስ አበባ እህት ወይ አክስት የላችሁም? ክላውድ ክላውድ ከምትሉ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ዲስክ ይበልጣል፣ በዓመት አንዴ ለበዓል ሲመጡ ይዘውት ይመጣሉ፣ አዲሱን ትጨምሪበታለሽ፣ ይመለሳል።

ደግሞ ገበያ ላይ "2 ቴራ ፍላሽ" እያሉ በርካሽ የሚሸጡትን እንዳትገዢ። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ይጽፋል፣ ውስጡ ግን 32 ጂቢ ይሆናል፣ ከዛ በላይ የከተትሽው ሁሉ ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

ቢሺሼ_ጥገና፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ፍላሹን ደግሞ ከመጠቀም በፊት ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባል ነፃ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልቶ መፈተሽ ይቻላል።

@ጅሬን_12 ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል፣ የተነሳበትን ቀንም ያጠፋዋል። "እንደ ፋይል" ብለሽ ከላክሽ እንደነበረ ይቀመጣል፣ እሱ እሺ። ግን ሲምሽ ጠፍቶ፣ አካውንትሽ ተጠልፎ ወይ ተዘግቶ የሄደ ቀን ሁሉም አብሮ ሄደ። ተጨማሪ ቦታ አርጊው፣ ዋና አታርጊው። ዋትስአፕም እንደዛው ነው፣ የሱ ፎቶ ስሙ ላይ 20190714 አይነት ቁጥር አለው፣ ቀን ነው፣ ግን ስልክሽ ላይ የገባበት ቀን እንጂ የተነሳበት አይደለም፣ የ90ዎቹን የአያቴን ፎቶ ትናንት ቢልኩልኝ የትናንት ይሆናል።

ክላውድ ላይ፣ የጉግል ነፃው 15 ጂቢ ነው፣ ያውም ከኢሜልሽ ጋር ተካፍለሽ። በፊት ያለ ገደብ የነበረው በጁን 2021 ቀርቷል። ከፍለሽ ትልቁን ብትገዢ እንኳ አፕሎድሽ (የመጫኛ ፍጥነትሽ) በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 180 ጂቢ ለመጫን ሌት ተቀን ሳያቋርጥ 8 ቀን ከምናምን ይፈልጋል፣ በሞባይል ፓኬጅ ደግሞ አታስቢው። ስለዚ የተመረጡትን 2 ሺህ ፎቶ እዛ፣ ሙሉውን ዲስክ ላይ።

አሁን ወደ ቀኑ። @ቡና_በጨው 7 ዓመት ከ8 ወር ስትል ሀሳብህ ገብቶኛል ግን በወር ከደመርክ ይዛነፋል። ካሜራው ቀኑ በኢትዮጵያ ይሞላለት እንጂ ከዛ በኋላ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ የኛ ወር 30 መሆኑን አያውቅም፣ ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። ግን ይሄ ጥሩ ዜና ነው! ምክንያቱም አባትሽ ቀኑን ከሞሉበት ሰዓት ጀምሮ ስህተቱ አንድ አይነት ቁጥር ነው፣ ሁሌ ያንኑ ያህል ቀን ወደ ኋላ ነው ያለው። ስለዚ ትክክለኛ ቀኑን የምታውቂው አንድ ፎቶ ብቻ ነው የሚያስፈልገን፣ ጥምቀት ወይ ገና ወይ መስቀል። ካሜራው ምን እንደሚል ንገሪኝ።

ሄርማታ_ልጅ፦
ጋሼ አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴ አዲስ አበባ ናት።

ቢሺሼ እውነትህን ነው ቲቪው ላይ ነበር!! በሌላ ኬብል ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፣ ድምፅ የለውም፣ ቀስ ይላል ግን ይከፍታል። አሁን ኮፒ እያረገ ነው፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን እየጠበቅኩት ነው።

የጥምቀት ፎቶ አለኝ፣ አባቴ ታቦቱን ሲሸኙ ያነሳው፣ ካሜራው 11/5/2003 ይላል፣ ጥር 11 2003 መሆኑ ነው አይደል? ታዲያ ልክ ነው እኮ፣ እንዴት ነው ተዛነፈ የምትለው? ሰዓቱ 4፡20 ይላል፣ ጠዋት ነው ፀሐዩ ያስታውቃል።

ቢሺሼ_ጥገና፦
አጋጣሚ ነው ያገናኛቸው። መስከረም 1 ላይ 1/1/2003 ብለው ሞልተውት ይሆናል፣ ከዛ እስከ ጥምቀት 130 ቀን ነው፣ በፈረንጅም ከጃንዋሪ 1 እስከ ሜይ 11 130 ቀን ነው። ወደ ክረምት ስትሄጂ ነው መለያየት የሚጀምረው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያሉትን እይ፣ በአራት ቀን ይስታሉ፣ ጳጉሜ ላይማ ይለያል።

ጥር 11 2003 በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 2011 ነው። ከሜይ 11 2003 እስከ ጃንዋሪ 19 2011 ስንት ቀን ነው ብለሽ ስትቆጥሪ 2810 ይመጣል። በዛ ላይ 6 ሰዓት፣ 4፡20 ማለት 10፡20 ነው። ስለዚ ዲጂካም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርጂ፣ ዊንዶውስ ላይም ይሰራል፣ የዛን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ በካሜራ ሞዴል ለይተሽ ምረጪ፣ ቀንና ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ 2810 ቀን ከ6 ሰዓት ደምር በይው። የስልክ ፎቶ እንዳይገባበት! ደግሞ መጀመሪያ ኮፒው ላይ፣ 20 ፎቶ ብቻ ሞክሪ።

የፎልደር ስም ላይ አመት፣ ወር፣ ቀን በቁጥር በፈረንጅ ቅድሚያ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፦ "2011-01-19 ጥምቀት ጥር 2003"። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩም በቅደም ተከተል ይደረድረዋል እናትሽም ያነቡታል። ድግግሞሹን ዲጂካም ራሱ ይፈልግልሻል፣ ግን ማጥፋቱን የመጨረሻ አርጊው።

ሄርማታ_ልጅ፦
(ከአራት ቀን በኋላ) እሺ ሪፖርት። ከ180ው 171 ጂቢ ወጣ። አንድ ፎልደር ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ሙሉ 2005 ዓ.ም. ነበር የቀረው፣ እዛ ላይ ሆዴ ተላወሰ። ከዛ ትዝ ሲለኝ የካሜራው ሚሞሪ ካርዶች የአባቴ የመነጽር ማስቀመጫ ውስጥ ናቸው፣ ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ ፎርማት ሳላረጋቸው ነበር የተውኳቸው፣ ስንፍና ነው እንጂ አውቄ አይደለም። ሁለተኛው ካርድ ላይ ሙሉውን አገኘሁት።

2810 ቀን ከ6 ሰዓት ሰራ!!! የወንድሜ ልደት ከተወለደ በኋላ ሆነ 😂 አዲስ 1 ቴራ ገዛሁ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ይሄዳል፣ በልብስ ጠቅልለን፣ ሻንጣው መኪና ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ይሁን ብዬ አስምዬዋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የካሜራው ባትሪ አልቆ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ነበር መሰለኝ ቀኑ ወደ ፋብሪካው ተመልሷል፣ 200 ከምናምን ፎቶ ሁሉም ጃንዋሪ 2008 ነው የሚሉት፣ አንዱም በዓል የለበትም። ቤት ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ፣ ጎረቤት ሲመጣ፣ እንዲህ አይነት። ትናንት እናቴ ቡና እያፈላች ላፕቶፑን ከፊቷ አስቀምጬ አንድ በአንድ አሳየኋት። ቀኑን አታውቀውም፣ ግን "ይሄማ ቢጫው መጋረጃ ሳይገዛ ነው" ትላለች። አንዱ ላይ ደግሞ አባቴ ጎን የተቀመጠ ሰውዬ አለ ሁለታችንም አላወቅነውም፣ እሷ ስኒውን አይታ "ይሄ ስኒ የተሰበረው ወንድምሽ መራመድ ሲጀምር ነው፣ ከዛ በፊት ነው" አለች። እንዴት ነው ይሄን ቀን የምሞላው?

ቢሺሼ_ጥገና፦
ወንድምሽ መች ነው መራመድ የጀመረው?

ሄርማታ_ልጅ፦
እሱንም እሷ ናት የምታውቀው፣ "የእንትና ሰርግ ሰሞን" ነው የምትለው

ፊልም_አጣቢው፦
ሰርግ ካላችሁማ የተነሳ ፎቶ ይኖራል፣ የፎቶ ቤቱ ማህተም ጀርባው ላይ ቀን ሊኖረው ይችላል፣ ሙሽሮቹን ጠይቂ። እስከዛው ግን የውሸት ቀን አትሙይበት፣ ፎልደሩን እናትሽ እንዳሉት ሰይሚው። የሰውዬውንም ፎቶ ለብቻ አውጥተሽ አሳትሚና ለአባትሽ ጓደኞች አሳዪ፣ ሽማግሌ ስልክ ላይ ፎቶ አያይም፣ ወረቀት ስጪው።

ሄርማታ_ልጅ፦
"ከቢጫው መጋረጃ በፊት" ብዬዋለሁ። ሰውዬውን ነገ አሳትማለሁ።