የጤና ባለሙያዎችን የሥራ መዛል በምን ልለካ?

ጥያቄ (ነርስ፣ ከደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት እያገለገልሁ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርሁ ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴም በጤና ባለሙያዎች የሥራ መዛል (በርንአውት፣ የሥራ ጫና ሲበዛና ሲረዝም የሚመጣ መድከም) ላይ ነው። ወደዚህ ርእስ የመራችኝ አንዲት ባልደረባዬ ናት። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከከተማችን እንደራቀ፣ ዕቃውና መድኃኒቱ ወደተዘረፈበት ክፍል ተመልሰን ሥራ ስንጀምር፣ የታካሚውን ብቻ ሳይሆን የአስታማሚውንም ስም በቃሏ ታውቅ ነበር። ዛሬ ታካሚዎቿን "ስድስት ቁጥር" እያለች በአልጋቸው ትጠራቸዋለች፤ አስታማሚ ሲጠይቃት ቀና ብላ ሳታይ ትመልሳለች። ክፉ ሰው እንዳልሆነች ምስክር ነኝ።

መዛልን ለመለካት የተዘጋጀውን የማስላክን ባለ 22 ጥያቄ መጠይቅ ለመጠቀም አስቤ ሁለት ነገር አስቸገረኝ። ታካሚን እንደ ግዑዝ ነገር ስለማየት የሚጠይቀው ክፍል በአማርኛ ሲቀርብ እንደ ክስ ስለሚሰማ፣ እውነቱን የሚመልስልኝ አይኖርም ብዬ እሰጋለሁ። አማካሪዬ ደግሞ ከመቶ ስንቱ እንደዛለ በቁጥር እንዳስቀምጥ ይፈልጋሉ፤ ከስንት ነጥብ በላይ ያገኘውን "ዝሏል" ልበል?

መልስ (የኅብረተሰብ ጤና መምህር)

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት መጠይቅ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ይለካል፦ የስሜት መዛልን፣ ከታካሚ በስሜት መራቅን፣ በሥራ ውጤት የሚገኘውን እርካታ። በሦስተኛው ክፍል መዛልን የሚያመለክተው ዝቅተኛ ነጥብ ስለሆነ ሦስቱን ደምሮ አንድ ውጤት ማውጣት ስሕተት ነው። "ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ" እያሉ ይከፍሉ የነበሩት መለያ ነጥቦችም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የመመሪያው እትም ቀርተዋል፤ ስንት ጥናት ግን እስከ አሁን ይጠቀምባቸዋል! የየክፍሉን አማካይ አቅርቢ፤ ድንገተኛ ክፍልን ከተመላላሽ፣ ብዙ ሌሊት የሚያድረውን ጥቂት ከሚያድረው ጋር አወዳድሪ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መደበው እንጂ በሽታ አላለውም። ስለዚህ የጥናትሽ ታማሚ የሥራ ቦታው ነው፤ ባልደረባሽ አይደለችም።

የማስላክ መጠይቅ የሚከፈልበት ፈቃድ እንደሚጠይቅም አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የኮፐንሃገን መጠይቅ 19 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ታካሚን እንደ ግዑዝ ስለማየትም አይጠይቅም፤ ከታካሚ ጋር መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም እንጂ። ይህ ያንቺን ሥጋት በከፊል ያቃልላል።

መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ ቃሉን ብታለሰልሽው እንኳ ሰው የሚዋሸው ከቃሉ የተነሣ ብቻ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ሞልቻለሁ። ያደለችን የክፍላችን ኃላፊ ነበረች፤ የሰበሰበችውም እሷው ናት። ስም አይጻፍም ተባለ፤ ነገር ግን ዕድሜ፣ ጾታ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ ክፍል ይጠይቃል። አራት ሆነን በምንሠራበት ማዋለጃ ክፍል ይህ ስሜን ከመጻፍ በምን ይለያል? ሁለት ሌሊት በተከታታይ አድሬ፣ ምጥ የያዛትን እናት ተቆጥቻት ወደ ቤቴ ሄጄ ያለቀስሁበት ሳምንት ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሁሉንም "በፍጹም" ብዬ አለፍሁ።

እባክሽ በወር ስንት ሌሊት እንደምናድር፣ የዱቲ ክፍያችን በወቅቱ ይደርሰን እንደሆነ፣ ጓንት ያለቀበት ቀን እንደነበር ጠይቂን። ይህንን ማንም አያፍርበትም፤ መዛሉም ከየት እንደመጣ ያሳይሻል።

መልስ (የአእምሮ ጤና ባለሙያ)

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። መዛልና ድባቴ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ተማሪዎች ባለ 9 ጥያቄውን የድባቴ መለኪያ አብረው ያስሞላሉ። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። "አዎ" ያለ ሰው ቢኖር በዚያው ቀን ማን እንደሚያነጋግረው አስቀድመሽ ካላዘጋጀሽ፣ መለኪያውን አታስገቢው። ወረቀቱ ስም የለሽ ከሆነም መላሹ ራሱ የሚሄድበትን ቦታ በገጹ ግርጌ ጻፊለት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኮፐንሃገኑን መርጫለሁ። ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል አደርገዋለሁ፤ ጥቂት ሰው ያለባቸውን ክፍሎች አንድ ላይ አጣምራቸዋለሁ፤ ወረቀቱንም በታሸገ ፖስታ እኔው ራሴ እሰበስባለሁ። እኔም ባልደረባቸው ስለሆንሁ ከራሴ ሆስፒታል ይልቅ ሌላ ቦታ መጀመር ሳይሻል አይቀርም። በቦሩ ሜዳም ሆነ በኮምቦልቻ የምትሠሩ፣ ረቂቅ ትርጉሙን አንብባችሁ የሚጎረብጠውን ቃል የምትነግሩኝ አምስት ስድስት ሰዎች እፈልጋለሁ።